ካሜራ የሌለበት ፎቶግራፍ፦ ብርሃን፣ ወረቀትና ጨለማ ክፍል በታሪካችን

(በመራዊ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የዛሬውን ገለጻ ሁላችንም በምናውቀው አንድ ግሥ እጀምራለሁ። አንድ ሰው ወድቆ ክንዱን ቢያመው ሐኪሙ «ራጅ ተነሣ» ይለዋል። ልጁን ለፈተና የሚያስመዘግብ አባትም ልጁን «ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሣ» ይለዋል። ግሡ አንድ ነው። ሁለቱ ድርጊቶች ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። ጉርድ ፎቶግራፍ ሲነሣ ካሜራ አለ፤ ራጅ ሲነሣ ካሜራ የለም። ምስሉን የሚሰበስብ ሌንስ የለም፤ የሚያነጣጥር ዐይንም የለም። ጨረሩ በአካል ውስጥ አልፎ በስተኋላ በተቀመጠው ፊልም ላይ የአጥንቱን ጥላ ያሳርፋል፤ ምስሉ ይኸው ጥላ ነው። ይህም ሆኖ ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ግሥ ሲጠራ የተሳሳተ አይመስለኝም።

ካሜራ ሳይኖር ፎቶግራፍ ሊኖር ከቻለ፣ ፎቶግራፍ ማለት ምን ማለት ነው? የእኔ መልስ የሚከተለው ነው። የፎቶግራፍ መሠረቱ ብርሃን የሚለውጠው ገጽ ነው፤ ያንን ለውጥ አውጥቶ የሚያሳየውና የሚያጸናው የኬሚካል ሥራም ነው። ካሜራ ለዚህ ገጽ ብርሃን ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ ነው። ይህን ካልተረዳን የአገራችንን የፎቶግራፍ ታሪክ በግማሹ ብቻ እንጽፈዋለን። የቀረው ግማሽ ደግሞ በአሁኑ ጊዜ ከየከተማው ፎቶ ቤት ጓዳ እየተጠረገ በመውጣት ላይ ይገኛል።

የዓድዋ ቁስለኞችና የኔፕልስ ሰሌዳ

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ያልታወቀውን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1895 ነበር። የባለቤቱን እጅ ከነቀለበቷ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ያሳረፈው ደግሞ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 13 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ማለትም እስከ ዓድዋ ድል ድረስ፣ 70 ቀናት ብቻ ነበሩ።

እነዚህ ሁለት ቀኖች በታሪክ መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይታይም። ነገር ግን ይገናኛሉ። በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል ሁለቱ በክንዳቸው ውስጥ የቀረ ጥይት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1896፣ ከዓድዋ ጦርነት ከሁለት ወራት በኋላ፣ በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባሉ ሐኪም ጥይቱን ለማግኘት በአዲሱ ጨረር ተጠቀሙ። በጦር ሕክምና ታሪክ ራጅ ለጦር ቁስለኛ ያገለገለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

ነገሩን በታሪክ ተመራማሪ ዐይን እንመልከተው። በዓድዋ ላይ የተሳሉ ሥዕሎች አሉን፤ በአውሮፓ ጋዜጦች የወጡ ምስሎችም አሉ። ሁሉም ሠዓሊ አላቸው፤ ስለዚህ ሁሉም ወገን አላቸው። የአገራችን ሠዓሊ የራሱን ወገን ሙሉ ፊት፣ ጠላትን ደግሞ በአንድ ጎን ገጹ ይሥለዋል። በኔፕልስ ሰሌዳ ላይ ያረፈው ጥላ ግን ፊት የለውም፤ ማዕረግም፣ ስምም፣ ሃይማኖትም የለውም። ያለው አጥንትና ብረት ነው። ብረቱ ካለበት ቦታ ጨረሩ አላለፈም፤ ስለዚህ በዚያ ቦታ ሰሌዳው ሳይጠቁር ቀረ። ጥይቱን የተኮሰው ሰው በምስሉ ውስጥ የለም፤ የሥራው ምልክት ግን አለ። ሰሌዳው ያለፈበት የማጠቢያ ሥራም በዘመኑ ማንኛውም የፎቶግራፍ ሰሌዳ የሚያልፍበት ነው፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ምስሉን በሚያወጣ ኬሚካል ታጠበ፣ በሚያጸና ኬሚካል ጸና።

«ራጅ» የሚለው ቃል ራሱ ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ነው፤ «ራጂ» ማለት ጨረሮች ማለት ነው። በዓድዋ የቆሰለው ሠራዊት ቋንቋ ዛሬ በየጤና ተቋሞቻችን በር ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ብርሃን የሚያጠቁረው ወረቀት

ወደ ኋላ እንመለስ። ብር የተቀላቀለባቸው ጨዎች በብርሃን እንደሚጠቁሩ በ18ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ጀርመናዊው ዮሐን ሃይንሪኽ ሹልዝ አሳይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1802 ደግሞ ቶማስ ዌጅዉድና ሃምፍሪ ዴቪ በእንግሊዝ አገር ነጭ ቆዳና ወረቀት በብር ናይትሬት ነክረው፣ ቅጠልና የነፍሳት ክንፍ ላዩ ላይ አስቀምጠው ለብርሃን አጋለጡት። ቅጠሉ የሸፈነው ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ያልተሸፈነው ጠቆረ። በካሜራ ሳጥን ያደረጉት ሙከራ ግን አልተሳካላቸውም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ካሜራ የለሹ ምስል ከካሜራው ምስል ቀደመ።

የዌጅዉድ ችግር ማጽናት አለመቻሉ ነበር። ምስሉ በብርሃን ተወልዶ በብርሃን ይጠፋል፤ ነጭ ሆኖ የቀረውም ክፍል ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። ሥራውን ማየት የሚፈልግ ሰው በሻማ ብርሃን ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር የሚያየው። የጣና ገዳማትን የጎበኛችሁ ብራናዎቹ ላይ ሥዕሉን የሚሸፍን ጨርቅ ተሰፍቶ ሳታዩ አልቀራችሁም። መጋረጃው የሚሰፋው ለሥዕሉ ክብር ነው፤ ቀለሙንም ከብርሃንና ከንክኪ ይጠብቃል። ለተከበረ ምስል ጨለማ እንደሚያስፈልገው የብራና ሰዎች ከዌጅዉድ አስቀድመው ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ችግር እኔ ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በዚህችው ከተማ ነው። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ጉርድ ፎቶግራፍ ልንነሣ ሄደን ሳለ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ብርሃን ያገኘውንና ለሥራ የማይሆን አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ቤቴ መስኮት ላይ አኖርሁትና የባሕር ዛፍ ቅጠል አስቀመጥሁበት። ከሰዓት በኋላ ቅጠሉን ሳነሣ ወረቀቱ ወደ ቀይ ቡኒ ተለውጦ ነበር፤ በመካከሉ ቅጠሉ ከነአገዳው ነጣ ብሎ ቀርቷል። በደስታ ለቤተሰቡ ሁሉ አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ቅጠሉ አልነበረም፤ ወረቀቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቡኒ ሆኖ ነበር። ወደ ሰውየው ሄጄ ስነግራቸው ሳቁና «ሃይፖ አላየማ» አሉኝ። የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሃይፖ የሚሉት ዛሬም በጨለማ ክፍል የሠሩ ሰዎች ፊክሰር የሚሉትን፣ ሶዲየም ታዮሰልፌትን ነው። ያልጠቆረውን ብር ከወረቀቱ ላይ አሟሟቶ ያስወግደዋል። ንብረቱን ያወቀው እንግሊዛዊው ጆን ሄርሽል ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ከ1834 ጀምሮ ያለ ካሜራ የሠራቸውን የቅጠልና የዳንቴል ምስሎች ለሕዝብ ሲያሳውቅ፣ ምስሉን የሚያጸና ነገር ያስገኘለት የሄርሽል ዕውቀት ነበር። ሄርሽል ራሱ በ1842 በብር ፈንታ የብረት ጨዎችን ተጠቅሞ ሰማያዊ ምስል የሚሰጥ ሌላ ዘዴ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት አና አትኪንስ የተባለች እንግሊዛዊት የባሕር አረሞችን በዚህ ወረቀት ላይ እየዘረጋች በፎቶግራፍ የተሠራ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ማውጣት ጀመረች። ካሜራ አልነካችም። ይኸው ዘዴ ቆይቶ የሕንፃና የድልድይ ፕላን ማባዣ ሆነ፤ መሐንዲሶቻችን «ብሉፕሪንት» የሚሉት ቃል የመጣው ከዚህ ሰማያዊ ወረቀት ነው።

ካሜራው ሲገባ ጨለማ ክፍሉም ገባ

ወደ አገራችን ፎቶግራፍ በስፋት የገባው ከጦር ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የጄኔራል ናፒየር ጦር በመሐንዲሶች ክፍሉ ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ከዚያ ዘመቻ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀምጦ ተነሣ። ያንን ሐዘን የሞላበት የሕፃን ፊት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ካሜራው ወደ እኛ ሲዞር ብዙ ጊዜ የሚያየው ኃይል ያለው፣ የሚታየው ኃይል ያጣ ነበር።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ሙያውንም ልጆቻቸው ወረሱት። ከዚህ ዘመን ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ የሚነገር አንድ ጉዳይ አለ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳይ ፎቶግራፍ እንደተሠራጨና ምስሉም በጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀነባብሮ እንደተሠራ ይወሳል። ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ላይ ይከራከራሉ፤ እኔም ዛሬ ፍርድ አልሰጥም። ልብ ልንለው የሚገባው ክርክሩ ስለ ምን እንደ ሆነ ነው። ማንም ስለ ካሜራው አይጠይቅም። ጥያቄው ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ምን ተደረገ የሚል ነው። የመንግሥት ዕጣ የተነካበት ጥያቄ ያረፈው በብርሃን፣ በወረቀትና በመቀስ ላይ ነው።

በኋላ ፎቶ ቤት ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ደረሰ። የእነዚህን ቤቶች ፊት ለፊት እናስታውሳለን፤ የተሳለውን መጋረጃ፣ ወንበሩን፣ ማበጠሪያውን፣ ለተነሺው የሚዋሰውን ኮት። ጓዳውን ግን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ቀይ አምፖል፣ ሦስት ሳህን፣ በጀሪካን የተቀዳ ውሃ፣ በገመድ ላይ በመቆንጠጫ የተንጠለጠለ ወረቀት ነበረበት። በነጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ የፊትን ጠባሳ የሚያጠፋ ሰው ነበረበት። ሕዝባችን «ፎቶ አሳጠብሁ» ሲል የሥራውን ሁለተኛ ምዕራፍ በስሙ ጠርቶታል። ሆኖም በፎቶግራፉ ጀርባ የሚታተመው ማኅተም የቤቱ ነው፤ ያጠበው ሰው ስም በየትም አልተጻፈም።

ኬሚካሉ ሠዓሊ ሲሆን

በአውሮፓ ሠዓሊያን ጨለማ ክፍሉን ለብቻው ወስደው የሠሩበት ጊዜ መጣ። ክርስቲያን ሻድ በ1919፣ ማን ሬይ በፓሪስና ላስሎ ሞሆሊ ናጅ በበርሊን በ1922 ገደማ ቁልፍ፣ ክር፣ ብርጭቆና ወረቀት በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ እያስቀመጡ ብርሃን አበሩበት። ፎቶግራም የሚባለው ይህ ነው። አሠራሩ ከዌጅዉድ ቅጠል የተለየ አይደለም፤ የተለየው ዓላማው ነው። ዌጅዉድ ቅጠሉን ለማሳየት ፈለገ፤ እነርሱ ጥላውን ለማሳየት ፈለጉ።

ከዚያ አንድ እርምጃ የሄደው ቤልጂየማዊው ፒየር ኮርዲዬ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1956 በጀርመን አገር ወታደራዊ ግዳጁን ሲፈጽም ለአንዲት ወጣት በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ በጥፍር ቀለም መልካም ምኞት ጻፈ። ወረቀቱን በኬሚካል ሲነክረው የጥፍር ቀለሙ ኬሚካሉን እየከለከለ ያልጠበቀው ምስል ወጣ። ኮርዲዬ ቀሪ ዘመኑን እስከ 2024 ሞቱ ድረስ ይህን ሲመረምር ኖረ፤ ዘዴውንም ኬሚግራም አለው።

አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ፤ ምክንያቱም ነገሩ ከምታስቡት ይልቅ ቅርባችን ነው። ኬሚግራም ጨለማ ክፍል አይፈልግም፤ በብርሃን ክፍል ይሠራል። ብርሃን ያገኘ የፎቶግራፍ ወረቀት በዴቨሎፐር ቢነከር ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። አስቀድሞ በፊክሰር ቢነከር ብሩ ታጥቦ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ኬሚካልን የሚከለክል ነገር፣ ለምሳሌ ሰም፣ ማር፣ ዘይት ወይም ቫርኒሽ፣ ይቀባል። ከዚያ ወረቀቱ ወደ አንዱ ሳህን ይገባል፤ ይታጠባል፤ ወደ ሌላው ይገባል። መከላከያው በየጊዜው ከዳር ወደ መሀል ጥቂት ጥቂት እያለ ይለቃል። በፊክሰር ሳለ የለቀቀው ስፍራ ይነጣል፤ በዴቨሎፐር ሳለ የለቀቀው ይጠቁራል። በመጨረሻ ጥቁርና ነጭ መስመሮች በካርታ ላይ እንዳሉ የከፍታ መስመሮች ተከታትለው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ መስመር ወረቀቱ በአንድ ሳህን ውስጥ የቆየበት ጊዜ ነው። ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ደግሞ ቢጫ፣ ቡኒና ግራጫ ቀለሞችን ይጨምራል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ሰምና ወርቅ ትዝ ሳይላችሁ አልቀረም። የቅኔው ስያሜ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው፤ ሰሙ ቅርጹን ይይዛል፣ ከዚያ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በቦታው ይገባል። በኬሚግራም ግን ሰሙ በአንድ ጊዜ አይወጣም። ምስሉ የሚሠራው ሰሙ በመልቀቅ ላይ ሳለ ነው፤ ፈጥኖ ቢለቅ ምስል አይኖርም፣ ባይለቅም አይኖርም።

ቆጋ፣ ጣናና የሳህኑ ውሃ

እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2011 በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለ ካሜራ የሚሠሩ አምስት የፎቶግራፍ ሠዓሊያን ሥራ ቀርቦ ነበር። ከመካከላቸው ኮርዲዬ አንዱ ነበር፤ ሱዛን ደርጀስም ነበረች። ደርጀስ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በሌሊት ትልቅ የፎቶግራፍ ወረቀት በወንዝ ውሃ ውስጥ ዘርግታ ለቅጽበት መብራት አብርታበታለች። በወረቀቱ ላይ ያረፈው የውሃው ሞገድ ጥላ ነው። ይህን ሳነብ የመጣብኝ ቆጋ ወንዝ ነው። ሌሊቱ፣ ውሃውና ዳር ያለው ሣር እዚህም አሉ።

ነገር ግን ወንዙን ካነሣሁ ሌላውንም ላንሣ። ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ ይፈሳል፤ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል። የተሠራበት ፊክሰር ከወረቀት ላይ ያነሣውን ብር ይዟል፤ የብር ውሁዶች ለዓሣና በውሃ ለሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ከተማ ለዓመታት የሳህኑ ውሃ የት እንደ ፈሰሰ ሁላችንም እንገምታለን፤ ያፈሰሰውን ሰው አልወቅስም፤ የነገረው አልነበረም። ዛሬ ግን እናውቃለን። የተሠራበት ፊክሰር ተጠራቅሞ በደቃቅ የብረት ሽቦ ውስጥ ቢያልፍ ብሩ በብረቱ ላይ ይቀራል፤ ይህን የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ያለው ተቋም ሊያደርገው ይችላል። ዴቨሎፐርም ቆዳ ያስቆጣልና ያለ ጓንት አይነካም። ተማሪዎች እንዲሞክሩት ስመክር እነዚህን ሁለት ነገሮች ቅድመ ሁኔታ አድርጌ ነው።

ከጓዳው ምን እናድን?

ወደ መነሻዬ ልመለስ። ዲጂታል ካሜራና ስልክ ከመጡ ወዲህ በየከተማው ያሉ ፎቶ ቤቶች ጓዳቸውን ወደ ኮምፒዩተርና ማተሚያ ክፍል ለውጠዋል። ይህ ተገቢ ነው፤ ሰው በሥራው መኖር አለበት። የሚያሳስበኝ ከጓዳው የወጣው ነው። ነጋቲቮቹ በጆንያ ተጥለው እርጥበት ይበላቸዋል። ሳይከፈቱ ጊዜ ያለፈባቸው የወረቀት ካርቶኖች ለእሳት ማያያዣ ይሆናሉ። የሙከራ ቁራጮች፣ አጣቢው ስንት ሴኮንድ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ በየሥራው መጀመሪያ የሚያጥባቸው ቀጫጭን ወረቀቶች፣ ከቆሻሻ ጋር ይሄዳሉ። የማኅደር ሰዎቻችን ፊት ያለበትን ፎቶግራፍ ይሰበስባሉ፤ ፊት የሌለበትን ሰብስቡ ያላቸው የለም።

በኔፕልስ ሰሌዳም ላይ ፊት አልነበረም። የታሪክ ምስክር ለመሆን ብርሃን ወይም ጨረር፣ ገጽና ማጽኛ በቂ ሆነው ተገኙ። አንድ የሙከራ ቁራጭ የዚያን ቀን የአምፖል ኃይል፣ የኬሚካሉን ድካም፣ የወረቀቱን ዕድሜ ይናገራል። የሠራተኛውን እጅም ይናገራል፤ ከአንድ በላይ የጣት አሻራ ፊክሰር በነካ ጣት በወረቀት ዳር ጸንቶ አይቻለሁ። ስሙ በማኅተሙ ላይ ያልተጻፈው ሰው ምናልባት ያለው ፊርማ እርሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ፎቶ ቤት የነበራችሁ ወይም ከወላጆቻችሁ የወረሳችሁ፣ ጓዳውን ከማጽዳታችሁ በፊት አንድ ሰው እንዲያየው ፍቀዱ። በጨለማ ክፍል የሠራችሁ፣ ሥራውን ለተማሪዎቻችን በአንደበታችሁ ተርኩ፤ የሳህኖቹን ቅደም ተከተል፣ ውሃውን ከየት እንደቀዳችሁ፣ ሌሊቱን እንዴት እንደሠራችሁ ንገሯቸው። ተማሪዎች ሆይ፣ ብርሃን ያገኘ ወረቀት ካገኛችሁ አትጣሉት፤ ቅጠል አስቀምጡበት፣ ፀሐይ ላይ አኑሩት፣ ከዚያም እኔ ያላደረግሁትን አድርጉ፤ አጽኑት።